ጠፍሯ የተፈታ ጠመንጃ

ኪዳነወልድ ጠመንጃዋን ብርድ ልብስ አልብሶ ሚስቱን ብርድ ላይ እንዳሳደራት ያወቀው ጠዋት ስትነግረው ነው። ስትነግረው ማለት እንኳ ነገሩን ማለዘብ ነው፤ ወለተ ሥላሴ እንዲህ ያለውን ነገር ተናግራ ብቻ አትተወውም። ዕለቱ ህዳር ሚካኤል ነው። የደብረ ብርሃን ውርጭ ሌሊቱን የግቢውን ቧንቧ አድርቆት አድሯል። አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ፀጉሯን እያሰረች፣ በመሃላቸው በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልላ የተጋደመችውን ነገር በአንድ ጣቷ ነካ አደረገቻት። «እመቤቴ፣ እንዴት አደሩ?» አለቻት። «ሞቀዎት? እኔማ እግሬ አብሮኝ ይደር አይደር አላውቅም።»

«የተልባ ዘይት በውርጭ አይደርቅም እኮ ወለቴ» አለ ኪዳነወልድ ዓይኑን ሳይገልጥ። «የመጨረሻው ቅባት ነው። ዛሬ አባባ እጅ ልትገባ ነው፤ እጃቸው ላይ ብትጣበቅስ?»

«ትጣበቅ! ቢያንስ ከኔ አልጋ ትወርዳለች።»

ጉድ እኮ ነው። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቤቱ ውስጥ ብርድ ልብስ ያለበሰው ነገር የለም፤ ሶፋው ለብሷል፣ ሳጥኑ ለብሷል፣ ቴሌቪዥኑ ሳይቀር ማታ ማታ ይለብሳል። የጎደለባት ሚስቱ ብቻ ናት። የሥራ ጓደኞቹ ጡረታ ሲወጡ አንዱ ሱቅ ከፈተ፣ አንዱ በግ ማድለብ ያዘ፣ ሌላው ከወንድሞቹ ጋር መሬት መካሰስ ጀመረ። ኪዳነወልድ ግን አሮጌ የአደን ጠመንጃ ማስጌጥ ያዘ። ከጫጫም ከደነባም ሰዎች ከአያት የወረሱትን፣ ዝገት የበላውን፣ ጥይቱ ከገበያ ከጠፋ ዘመን ያለፈውን ባለ ሁለት አፈሙዝ ይዘውለት ይመጣሉ። ፈቃዱን ሳያይ አይቀበልም፤ ከተቀበለ ግን ከማድ ቤቱ ጎን ባለችው ቆርቆሮ ክፍል ይዟት ይገባል፤ ከዚያ ለምሳ ካልሆነ አይወጣም። አፈሙዙን በነጭ ጋዝ ይዘፈዝፋል፣ በሽቦ ብሩሽ ይፈገፍጋል፣ የተሰበረውን ሰደፍ ጥሎ ከወይራ አዲስ ይጠርባል፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ ይውላል። ክፍያ ሲሉት «የብርጭቆ ወረቀቷን ብቻ» ይላል። የብርጭቆ ወረቀት ዋጋ መቼ መቼ እንደሚጨምር ወለተ ሥላሴ ከባለ ሱቁ እኩል ታውቃለች። ሲጨርስ ግድግዳው ላይ ሰቅሎ፣ ወንበር ስቦ፣ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብሎ ያያታል። ሚስቱ ሻይ ይዛ ስትገባ «እስቲ እያት» ይላታል። «አየኋት» ትላለች፤ «አሁንም አትተኩስም?» አትተኩስም። እንድትተኩስም አይፈልግም፤ ብትተኩስ ትቆሽሽበታለች።

የዛሬዋ ግን የሌላ ሰው ጠመንጃ አይደለችም፤ የሚስቱ አባት የአቶ ገብረአብ ናት። አቶ ገብረአብ አንኮበር ከጎረቤላ ዝቅ ብሎ ባለው መንደር የሚኖሩ፣ ሰማንያን የተሻገሩ፣ ዓይናቸውም ጆሯቸውም ምላሳቸውም ደህና የሆነ ሽማግሌ ናቸው፤ በተለይ ምላሳቸው። ገብስ ውስጥ የሚገባ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲያባርሩባት የኖሩባት ይቺ ጠመንጃ ድሮ ሰደፏ ተሰንጥቆ፣ እሳቸው ራሳቸው በእርጥብ የበሬ ጠፍር ጠቅልለው አስረዋት ነበር። ጠፍሩ ከነፀጉሩ ደርቆ፣ ከእንጨቱ ጋር ተጣብቆ፣ እዚህም እዚያም ተልጦ፣ ወይፈን የላሰው ነገር መስሎ ኖሯል። አምና ኪዳነወልድ «ዝገቷን ላጽዳልዎት» ብሎ ሲለምናቸው አንገራግረው ሰጡት። ዝገት ላጽዳ ነበር ያለው። ከዚያ በኋላ የሠራው ግን ሌላ ነው፤ ጠፍሩን በቢላ ቀዶ ጣለው፣ ነቀዝ የጨረሰውን ሰደፍ ምድጃ ውስጥ ከተተው፣ ከፈረሰ ቤት መቃን ላይ ባገኘው ወይራ አዲስ ሰደፍ ጠረበላት፣ መያዣዋ ላይ ሐረግ ቀረጸ፣ ጫፏን የበሬ ቀንድ አለበሳት፣ ከአሮጌ የናስ ቧንቧ ቆርጦ ትንሽ መስቀል አስገባባት። እንዲህ ያለ ሥራ በሕይወቱ ሠርቶ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ለምን? ነገሩ ወዲህ ነው። ወለተ ሥላሴን ሲያገባ፣ ሠርጉ ቀን፣ አቶ ገብረአብ ለሽማግሌዎቹ «እንግዲህ ልጄን ለብረት ቀጥቃጭ ሰጠኋት» ሲሉ በመጋረጃው ወዲያ ሆኖ ሰምቷል። በእኛ አገር ብረት የሚነካ ሰው ማረሻውንና ማጭዱን ሁሉም ይፈልግለታል፤ ልጅ ግን አይሰጠውም። ኪዳነወልድ የፋብሪካ መካኒክ ነው፣ ቱታ ለብሶ፣ ደመወዝ እየበላ የሚሠራ ነው ቢሏቸው ለሽማግሌው ያው ነው። ክፉ አልተናገሩትም፣ አልገፉትም፤ እስከ ዛሬ ድረስ «አቶ ኪዳነወልድ» እያሉ በአክብሮት ያስተናግዱታል። የቤታቸውን ቆርቆሮ ሲያድስ ዝም፣ የበራቸውን ማጠፊያ ሲቀይር ዝም፣ ሬዲዮናቸውን ሲጠግን «ይናገራል እንዴ?» ብለው ዝም። ሥራህ ጥሩ ነው የምትል አንዲት ቃል ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም። ኪዳነወልድ ያቺን ቃል ዛሬ፣ በአማቱ ቤት በሚካኤል ዝክር ላይ፣ ዘመድ አዝማድ ባለበት ሊቀበላት ነው የሚሄደው። ለወለተ ሥላሴ አልነገራትም። መንገር አያስፈልጋትም፤ አብራው ስንት ዘመን ኖራለች።

መነኻሪያው ሲደርሱ ረዳቱ ሚኒባሱን በር ይዞ «አንኮበር! አንኮበር!» ይላል። ኪዳነወልድ በጋቢ ጠቅልሎ የታቀፋትን አይቶ «አባት፣ የያዝከው ሕፃን ነው? ጭንቅላቱ ረዘመሳ» አለው።

«ሁለተኛ ሚስቱ ናት» አለች ወለተ ሥላሴ፣ ድፎ ዳቦውን በፌስታል አንጠልጥላ እየገባች። «ሂሳቧን ከሱ ተቀበል፤ እኔ አልከፍልላትም።»

መኪናው ሳቀ። ኪዳነወልድም ሳቀ፣ ግን አላስቀመጣትም። መንገዱን ሁሉ፣ ያ ገብስ የታጨደበት ሜዳ ሁሉ እስኪያልፍ፣ ጭኑ ላይ አጋድሞ ይዟት ሄደ። መኪናው ጉድጓድ ላይ በዘለለ ቁጥር ለራሱ አይደለም የሚጨነቀው፣ ለሷ ነው። ኬላው ላይ ፖሊሱ አስወረደውና «ምንድን ነው? ፍታው» አለው። ፈቃዷን አውጥቶ ሰጠው፤ የሚስቴ አባት ጠመንጃ ናት፣ ለጥገና ወስጄ ልመልስ ነው ብሎ አስረዳ። ፖሊሱ ቁጥሯን ከወረቀቱ ጋር አስተያየና ወረቀቱን መለሰለት፤ ጠመንጃዋን ግን አልመለሰም። ሐረጉን በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ጓደኛውን ጠራ። «ና ይቺን እይ!» ሁለቱም እያገላበጡ አዩዋት። «ማነው የሠራት? አባት፣ አንተ ነህ? አትቀልድ!» ኪዳነወልድ ደረቱ እስኪነፋ ቆመ፤ ሚኒባሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በመስኮት ያያል፣ ሹፌሩ ጥሩንባ ይነፋል፣ እሱ ግን ስለ ናሱ መስቀል ማስረዳት ጀምሯል። ወለተ ሥላሴ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ጌታው! ከያዛችኋት ያዟት፣ ካልያዛችኋት እንሂድበት» ባትል ኖሮ እዚያው ይውሉ ነበር። ከኬላው እስከ ጎረቤላ ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም፤ ፖሊስ እንዲህ ካለ አባባ ምን ሊሉ ነው እያለ ያስባል።

የአቶ ገብረአብ ግቢ ሰው ሞልቶበታል። ዘንድሮ ጎረቤቱ ለህዳር ሚካኤል በሬ በቅርጫ ጥሏል፤ ቆዳው አጥሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ ውሾች ተቀምጠዋል። ወንዶቹ በሩ ላይ ቆመው ስለ ቆዳ ያወራሉ፤ ድሮ ቆዳው ብቻ ተሸጦ የልጅ ልብስ ይገዛ እንደነበር፣ ዛሬ ነጋዴውን በነፃ ውሰድ ቢሉት የመጫኛ ስጡኝ እንደሚል። ኪዳነወልድ ከሁሉም ጋር ትከሻ እየገጨ፣ ጥቅሉን ከፍ አድርጎ ይዞ ገባ። ውስጥ ጠላ ይቀዳል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ አቶ ገብረአብ መደቡ ላይ ኩታቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። ልጃቸው ምህረቱ፣ አብሯቸው የሚኖረውና መሬቱን የሚያርሰው የወለተ ሥላሴ ታናሽ ወንድም፣ ጠላ ያስቀዳል። ኪዳነወልድ ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ፣ ሰላምታው ተሰጠ፣ ስለ ገብሱ ተጠየቀ፣ ስለ ውርጩ ተነገረ። ቄሱ ጸሎቱን አድርሰው፣ ሰው በልቶ፣ ሁለተኛው ጠላ ሲቀዳ ተነሳ። ጋቢውን ፈታ።

ቤቱ ሁሉ አንድ ላይ ተንጫጫ። «እመ ብርሃን!» «ኧረ ይቺ ነገር!» «ከውጭ አገር ናት?» ከመዘዞ የመጣ አንድ ዘመድ ጣቱን ኩታው ላይ ጠርጎ ነካት። ኪዳነወልድ በሁለት እጁ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ለሽማግሌው ሰጣቸው። ተቀበሉት። አገላበጧት፣ ወደ ብርሃኑ አዞሯት፣ ሐረጉን አዩ፣ መስቀሉን አዩ፣ ትከሻቸው ላይ ለካ አድርገው መልሰው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ሰው ሁሉ ሽማግሌውን ያያል።

«ታምራለች» አሉ አቶ ገብረአብ። «የማን ናት?»

ኪዳነወልድ ቀልድ መስሎት ሳቀ። «የእርስዎ ናታ አባባ!»

«የኔማ ጠፍር አላት።» እንደ እንግዳ ዕቃ በሁለት እጃቸው አንስተው ወደሱ ዘረጉለት። «እንዳትቆሽሽ ለባለቤቷ ይመልሷት፣ አቶ ኪዳነወልድ። የኔን መቼ ያመጡልኛል?»

ያን ጊዜ ምህረቱ የጠላውን ማሰሮ አስቀምጦ ተጠጋ። ሰውየው ነገረኛ አይደለም፤ ግን ከአምና ጀምሮ አንድ ጥርጣሬ ይዞት ኖሯል። «ጋሼ፣ እንዳይቆጡ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ሆኖ፤ «የአባባን ጠመንጃ የት አደረሷት? ከተሸጠች ተሸጠች ይበሉን።» ወለተ ሥላሴ ወንድሟን አየችው፤ ወንድሟ መሬቱን አየ። አንድ ሰው ጠላውን ጮክ ብሎ ዋጠ። ኪዳነወልድ ፊቱ ቀላ። ፈቃዷን አወጣ፣ ጠመንጃዋን ከመሃሏ አጥፎ ከፈታት፣ ከአፈሙዙ ሥር ያለውን ቁጥር በጣቱ አሳየ። ምህረቱ ጎንበስ ብሎ አነበበ፣ ወረቀቱን አነበበ፣ ደግሞ አነበበ። «ቁጥሩ የሷ ነው» አለ በመጨረሻ፣ አፍሮ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ሰይጣን ነው። አባባ፣ ያንቱው ናት።»

«ቁጥሩ የኔ ነው» አሉ ሽማግሌው ሳይናወጡ። «ጠመንጃዋ ግን የኔ አይደለችም። አቶ ኪዳነወልድ፣ እኔ ዛሬ ነገ ሟች ነኝ። የሞትኩ ዕለት ልብሴን አውጥተው፣ ጠመንጃዬን አውጥተው፣ ሜዳው ላይ ከፍ አድርገው ይዘው ነው የሚያለቅሱልኝ። ያገሩ ሰው ከሩቅ ያንን ጠፍር ሲያይ ገብረአብ ሞተ ይላል፣ ደረቱን ይመታል። ይቺን ይዘው ሲወጡ ምን ይላል? የማን ሠርግ ነው ነው የሚለው!»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ቄሱ ሳይቀሩ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ኪዳነወልድም ከሰው ጋር ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ጠመንጃዋን ይዞ ወጣ፤ ከጓሮ፣ አጥሩ ጥግ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከፊቱ ገደሉ፣ ከገደሉ ወዲያ ጉም፤ ከውስጥ ሳቁ ገና አላለቀም። ለፖሊስ ስለ መስቀሉ ሲያስረዳ የነበረውን ራሱን አስታውሶ አፈረ።

ወለተ ሥላሴ ተከትላው ወጣች። አንድ ነገር ልትል ነው፣ አሁን ደግሞ ስለ ሁለተኛዋ ሚስት ልታነሳ ነው ብሎ ጠበቀ። አላነሳችም። አጠገቡ ቁጭ ብላ ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ሰበሰበች።

«ሁሌ እንደዚህ ናቸው» አለች ቆይታ። «እኔንም ልጅ ሆኜ ፊደል ጨረስኩ ስላቸው ሌላ የለም ወይ ነው ያሉኝ።»

«አንዲት ቃል ነበረች እኮ ወለቴ» አለ። «ሌላ ምን ጠየቅኋቸው? አንዲት ቃል።»

«አውቃለሁ» አለች። «ይቺን ስትሠራ እኔም ቀናሁባት፣ ውሸቴን አይደለም። ግን እውነታቸውን ነው። ልቅሷቸውን ነው የነካህባቸው። እሳቸው ሲሞቱ መታወቅ ይፈልጋሉ።»

ኪዳነወልድ ሐረጉን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል። ዓመት ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰለሰው እንጨት ነው፤ እጁ ጨለማ ውስጥ እንኳ ያውቀዋል። ከዚያ ተነስቶ አጥሩ ላይ ወደተሰቀለው ቆዳ ሄደ፣ ውሾቹን አባረረ፣ ካራ ስጡኝ አለ። ከቆዳው ዳር ጀምሮ እየዞረ ረጅም ጠፍር ቆረጠ፣ ስቡን ፋቀ፣ ባልዲ ውስጥ ነከረው። ወንዶቹ አንድ በአንድ እየወጡ ከበቡት፤ አሁን ማንም አይስቅም። ጠመንጃዋን ጭኑ ላይ አጋድሞ የጠፍሩን ጫፍ ሊያስይዝ ሲል ወለተ ሥላሴ ከቤት ወጣች። ዳቦውን ያመጣችበትን ፌስታል ቀድዳ፣ አጥባ፣ በነጠላዋ ጫፍ አድርቃዋለች። ምንም ሳትናገር ሰደፉ ላይ፣ ሐረጉና መስቀሉ ላይ፣ ልጅ እንደምትጠቀልል አድርጋ ጠቀለለችው። እሱም ከላይ ጠፍሩን ማሰር ጀመረ።

በዱላቸው እየተመረኮዙ አቶ ገብረአብ ወጡ። ራሱ ላይ መጥተው ቆሙ።

«ፀጉሩን ወደ ውጭ አድርገው» አሉ።

ፀጉሩን ወደ ውጭ አደረገው።

«ጠበቅ! ሲደርቅ እንዲይዝ። በእግርህ ርገጠውና ሳብ።»

ረገጠ፣ ሳበ። እጁ ጮማ ሆኗል፣ ልብሱ ረጥቧል፣ የቆዳው ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገብቷል። ዙር በዙር ወይራው ከላስቲኩ ጋር እየተሸፈነ ሄደ፤ መጀመሪያ መስቀሉ፣ ከዚያ ሐረጉ፣ በመጨረሻ የቀንዱ ጫፍ። ጫፉን ሸጉጦ አሰረና ቀና አለ። ጭኑ ላይ ያለችው ጠመንጃ እርጥብ፣ ጠጉራም፣ ደም ያለባት፣ የምታስጠላ ነገር ሆናለች። ለአቶ ገብረአብ አቀበላቸው። ከፍ አድርገው ያዟት፤ ከመዘዞ የመጣው ዘመድ «አዎ! የጋሽ ገብረአብ!» ብሎ ጮኸ፣ ሰው ሁሉ አጉረመረመ። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የራሳቸውን ልቅሶ ያዩት ይመስላል፤ ደስ ያላቸውም ይመስላል።

ፀሐይ ላይ እንድትደርቅ ድንጋዩ ላይ አጋደሟትና ጎንበስ ብለው በዱላቸው ጫፍ ከጠፍሩ ሥር ብቅ ያለውን ፌስታል ነካ አደረጉ።

«ይሄ ላስቲክ ለምንድን ነው?»

«እርጥበቱ ቅባቷን እንዳያበላሸው ነው» አለ ኪዳነወልድ።

«ማን ሊያያት ነው እንዲህ የምትሳሱላት?»

ኪዳነወልድ ጎንበስ ብሎ የፌስታሉን ጫፍ አስተካከለ። ወለተ ሥላሴም ዞር አለች። አቶ ገብረአብ ልጃቸውን አዩ፣ የልጃቸውን ባል እጅ አዩ፣ ፌስታሏን ደግሞ አዩ። ከዚያ ወደ ቤት ዞረው «ምህረቱ!» ብለው ተጣሩ፤ ምህረቱ ከአጠገባቸው ቆሞ ነበር።

«ስማ፤ ሰውም ይስማልኝ። ልቅሶዬ ያለፈ ማግስት ይሄን ጠፍር በቢላ ቆርጠህ ጣለው። ከሥሩ ያለችውን አውጥተህ ግድግዳው ላይ ስቀላት፤ የመጣ ሰው ሁሉ ይያት። የማን ሥራ ናት ካሉህ የልጄ ባል በእጁ የሠራት በል።» ወደ ኪዳነወልድ ዞሩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የቅድሟ እኮ ታምር ነበር!»

ኪዳነወልድ እንባው መጣ። ጮማ በሆነ እጁ ሊጠርገው አልቻለም፤ ወለተ ሥላሴ በነጠላዋ ጠረገችለት። ምን ይበል? እጃቸውን ሊስም ጎንበስ አለ፤ «ዕድሜ ይስጥዎት አባባ፤ መቶ ዓመት ያኑርዎት» አለ፣ ከልቡ። ብሎ ሳይጨርስ ግን ሥራውን ሰው የሚያየው መቼ እንደሆነ ትዝ አለውና አፉን እንደከፈተ ቀረ።

ሽማግሌው ገብቷቸዋል። ፊታቸው በፈገግታ ተጨማደደ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ይስጠኝ እንጂ» አሉ። «አንተም ትንሽ ታገስ።»